ተቃጥሏል ያሉት ቺፕ

ጁን 9

ዛሬ በመኪና አደጋ የሞተውን የወንድሜን የዮንግዳልን ዕቃ በጥቁር ፌስታል አስረከቡን። አንድ እግር ጫማ፣ መነጽሩ፣ የቤት ቁልፉ፣ ከጭነት መኪናው የተነቀለው የጉዞ መዝጋቢ ሣጥን። የሣጥኑ ግማሽ ቀልጦ ወደ አንድ ጎን ፈሷል። ያመጣልን ይሠራበት ከነበረው የጭነት ድርጅት የተላከው የክፍል ኃላፊ ዶ ነው።

«መዝጋቢው ተቃጥሏል፤ ምንም አይነበብም። ባለሙያ አይቶታል» አለ።

«ሳይከፍተው ነው ያየው?» አልኩት። የብሎኖቹ ማሸጊያ አልተነካም ነበር።

 ወደ ወንድሜ ሚስት ወደ እትዬ ጄሱን ዞሮ፣ «እመቤት፣ አሁን ለእርስዎ የሚያስፈልግዎ ዕረፍት ነው» አላት። እትዬ ጄሱን ፌስታሉን እንዳቀፈች ጎንበስ ብላ አመሰገነችው። አመሰገነችው!

ቀጥሎ ወረቀት አወጣ። መኪናው ጤነኛ ነበር፤ ሾፌሩም ከጉዞው በፊት ሌሊቱን ሙሉ ዴፖ፣ የድርጅቱ መኪኖች ማደሪያ ግቢ፣ ውስጥ ተኝቷል ይላል ወረቀቱ። ስለዚህ ጥፋቱ የሾፌሩ ግድየለሽነት ነው፤ ቤተሰቡም ይህን አምኖ ይፈርም። «ከፈረማችሁ ነገሩ በሰላም ያልቃል» አለ። ዜናው ደግሞ ገና አስከሬኑ ሳይነሳ «ሳይጠጣ አልቀረም» ብሏል። ወንድሜ በአባታችን ሙት ዓመት እንኳ ብርጭቆውን ከንፈሩ አስነክቶ የሚመልስ ሰው ነበር።

«ሣጥኑን ለእኔ ስጪኝ» አልኳት። ሰጠችኝ።

ጁን 10

ሱቅ ሆኜ ነው የምጽፈው። ዝናቡ ገብቷል፤ የገበያችን ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር ያፈስሳል። ሰው የሞተ ስልክ፣ የተሰበረ ዲስክ ያመጣልኛል፤ ከውስጡ የተረፈውን አወጣለታለሁ። የራሴን ሰው ዕቃ ግን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አላውቅም።

ከፈትኩት። ዋናው ቺፕ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። ነገር ግን ጥግ ላይ፣ ከባትሪው ጀርባ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር አለች፤ ስምንት እግር ያላት። የማስታወሻ ቺፗ ናት። መኪናው ያደረገውን ሁሉ በየሰከንዱ ሣጥኑ የሚጽፈው እሷ ላይ ነው፤ ፍጥነቱን፣ ያለበትን ቦታ፣ የሞተሩን ዙር፣ ፍሬን ተረገጠ አልተረገጠ። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አትረሳም። የላይ ጽሑፏ ተቃጥሎ ስለጠፋ የትኛው ዓይነት እንደሆነች አይታወቅም። ሰውነቷ ግን ሙሉ ነው።

ባለሙያ አይቶታል! የቱ ባለሙያ? በየትኛው ዓይኑ?

ጎረቤቴ ጋሽ ታክ አምፕሊፋየር ይጠግናሉ። አጎንብሰው አይተው፣ «ዛሬ እጅሽ ልክ አይደለም፤ ነገ አውጫት» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። በሞቃት አየር ሳነሳት አንዷ እግሯ ተሰበረች። ደደብ ነኝ። ደደብ።

ይህ የፍሬን ጣጣ ነው። ወንድሜ ራሱ በፀደይ፣ «ፍሬኑ ይለሰልሳል፤ ለጋራዡ ብነግር ማን ይሰማኛል» ብሎኝ ነበር። ቺፗ ስትነበብ ዶ ያንን ወረቀቱን ይውጠዋል።

ጁን 13

ማንበቢያ ኮድ ጻፍኩ። በአንዱ ሽቦ ትዕዛዝ ይላካል፣ በሌላው መልስ ይመጣል፣ ሦስተኛው ምት ይመታል፣ አራተኛው «የማናግረው አንቺን ነው» ይላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሟ ነው።

መልስ፦ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። እስከ መጨረሻው አንድ። ይህ መልስ አይደለም። ቤት ውስጥ ማንም የለም ማለት ነው።

ሽቦ ቀየርኩ። ትዕዛዝ ቀየርኩ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ።

እትዬ ጄሱን ደጋግማ ደወለች። አላነሳሁም። ምን እላታለሁ?

ጁን 17

ዶ የሜሎን ካርቶን ታቅፎ ሱቄ ድረስ መጣ።

«እህት፣ እዚህ ጥሩ ስም እንዳለዎት ሰማሁ።»

«የሚጠገን ካልያዙ ለደንበኛ ቦታ ይልቀቁ» አልኩት።

ሳቀ። «ወንድምዎን እኮ ሁላችንም እንወደው ነበር። እንደ ታላቅ ወንድሜ ነበር የማየው። መቼም እምቢ ብሎን አያውቅም።»

«ምን ስትሉት?»

«ምንም… ሥራ ነዋ» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ጠረጴዛዬ ላይ ማንከራተት ጀመረ። «ያ ሣጥን የድርጅቱ ንብረት መሆኑን ያውቃሉ አይደል?»

«በቆሻሻ ፌስታል የወረወራችሁልን ንብረት?»

«ስሜትዎ ይገባኛል። ግን ለእትዬዎ ያስቡላት። ብቻዋን ናት። ይህ ነገር በተጓተተ ቁጥር የምትጎዳው እሷ ናት።»

ለእሷ አሳቢው እሱ ሆነ! እጄ ላይ የነበረውን መበየጃ አስቀመጥኩ፤ ባላስቀምጠው ምን እንደማደርግ እንጃ። ጋሽ ታክ ከሱቃቸው ራሳቸውን ሳያነሱ፣ «ጌታው፣ የቆሙበት ቦታ ያፈስሳል» አሉት። ቀና ሲል ውሃው አንገቱ ውስጥ ገባ። ሜሎኑን ትቶ ሄደ።

«ጣሉት» አልኳቸው።

«ፍሬው ምን አጠፋ?» ብለው ቆረጡት። እኔ አልቀመስኩም።

ጁን 18

የተሰበረችው እግር! «ዝም በይ» የምትባልባት እግር ናት። ኤሌክትሪክ ካልደረሳት ቺፗ ዝም እንድትል የታዘዘች ይመስላታል። ዝም ያሰኘኋት እኔው በችኮላዬ ነኝ።

ከጉቶው ላይ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በየድኩ። ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። በሦስተኛው ያዘ።

ጠየቅኳት፤ ስሟን ነገረችኝ። ስጮህ ጋሽ ታክ የያዙትን ስፒከር ጣሉት።

ጁን 21

ስሟን ትናገር እንጂ የምታወጣው ሁሉ ዝባዝንኬ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ደህና ነው፤ የመኪናው ታርጋ ሳይቀር ይነበባል። ከዚያ ወዲያ ፍጥነቱ ያለበት ቦታ ሰዓት ይመጣል፣ ሰዓቱ ያለበት ቦታ እርባና ቢስ ቁጥር። በእሳቱ ተበላሽታ ይሆን? አይሆንም። አልቀበልም።

ማታ እትዬ ጄሱን ዘንድ ሄድኩ። ገበያ ውስጥ የተዘጋጀ ወጥና ኪምቺ፣ በቅመም የቦካ አትክልት፣ ትሸጣለች፤ ሱቋን ዘግታ የአኩሪ አተር ሾርባ ሠርታልኛለች።

«ዛሬ ሆስፒታል ሄጄ ነበር» አለችኝ። ወንድሜ መኪናውን ከኋላ የገጨበትን የአትክልት ነጋዴ ልትጠይቅ ነው። እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል። ገንፎ ወስዳለታለች።

«እኛ ነን እንዴ ይቅርታ ጠያቂዎቹ?»

«ሰውዬው እኮ እግሩ ተሰብሯል፣ ጂንሱክ።» ሾርባውን ጨለፈችልኝ። «በመስታወቱ አይቶት ነበር። ‹መብራቱ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ መጣ› አለኝ። ‹ከባድ መኪና ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው ወደ ታች ጎንበስ ይላል። የእሱ ግን አላጎነበሰም› አለኝ።»

«ፍሬን ከሌለው በምን ያጎነብሳል! በይ ይኸው፣ ምስክር አገኘን!»

 ከዚያ ያንን የተለመደውን ጀመረች፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ማንኪያ እንደያዘ እንቅልፍ ይጥለው እንደነበር፣ ደረቅ ቡና በጣቱ እየላሰ ይወጣ እንደነበር፣ አንድ ጠዋት ጫማውን አንዱን አጥልቆ ሌላውን ይዞ ደረጃው ላይ እንዳገኘችው። ደጋግማ ነግራኛለች። የሚሠራ ሰው ይደክመዋል፤ ይህ ምን አዲስ ነገር አለው? እኔ ስለ ፍሬን እያወራሁ እሷ ስለ ቡና።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እስክሪብቶም አጠገቡ።

«ልትፈርሚ ነው?»

«አላውቅም። ደከመኝ፣ ጂንሱክ።»

«ከፈረምሽ ሁለተኛ ዓይንሽን አላይም!» ብያት በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ጃንጥላዬን እንደረሳሁ ትዝ አለኝ፤ አልተመለስኩም። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ እየበሰበስኩ ዶን ስሰድብ ሄድኩ። ዶ ግን እዚያ አልነበረም። በሩ የተወረወረባት እሷ ናት።

ጁን 22

ጃንጥላዬ ሱቄ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ በዕቃ የተከደነ የራዲሽ ኪምቺ። ሳትጠራኝ ሄዳለች።

ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ይህ ኮድ ይለቅና።

ጁን 27

ያወጣሁትን ቁጥር ሁሉ አትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ከራቅ ብዬ ሳይ የየገጹ መጀመሪያ ምልክት በየመስመሩ ትንሽ ወደ ጎን ይሸሻል። ሁልጊዜም በአንድ ልክ።

የተበላሸችው እሷ አይደለችም። ያሁኖቹ ቺፖች የገጻቸው ርዝመት አንድ ዓይነት ስለሆነ እኔም ሳላስብ ያንን ወሰድኩ። ይህቺ የዱሮ ዓይነት ናት፤ ገጿ ከለመድኩት ጥቂት ይረዝማል። የተረፈውን ጭራ ሁሉ ወደሚቀጥለው ገጽ እየገፋሁ ሳምንት ሙሉ ራሴ ያምታታሁትን አነበብኩ።

ኮዱን ከሥሩ እጽፈዋለሁ።

ጁን 30

ሁለት ጊዜ ሳነባት ሁለቱ አይመሳሰሉም። እሳቱ እንዳዳከማት ገባኝ። ምቱን አዘገየሁት፤ በጣም። እያንዳንዱን ገጽ ደጋግሜ አነብና ንባቦቹ የሚስማሙበትን እይዛለሁ። ቀኑን ሙሉ ጥቂት ገጽ ነው።

ዶ ደወለ። «የድርጅት ንብረት ይዘው ቢቀሩ ፖሊስ ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ለእርስዎ ብዬ ነው።» በወሩ አጋማሽ በእኔና በእትዬ ጄሱን ስም ለሥራ ላይ አደጋ መርማሪ ቦርድ አቤቱታ ማስገባቴን ሰምቷል። ለእኔ ብሎ! በዚህ ወር እኔንም እትዬ ጄሱንንም የሚወደን እሱ ብቻ ሆነ።

እትዬ ጄሱን መልእክት ላከች፦ «አልፈረምኩም። ብዪ፤ አትራቢ።»

ጁላይ 3

አነበብኩ።

ፍሬኑ ይሠራ ነበር።

ጁላይ 4

ስህተት ይሆናል ብዬ ሁሉንም እንደገና አነበብኩ። አይደለም። በየመብራቱ፣ በየኩርባው የፍሬን ምልክት አለ፤ በረገጠው ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል። ይለሰልስ እንደሆነ እንጃ፤ ይይዝ ግን ነበር። የመጨረሻው መንገድ ላይ ግን ምንም የለም። እግሩ ከነዳጅ መስጫው አልተነሳም፣ ፍሬን አልነካም። ፍጥነቱ እንዳለ ሄዶ ሄዶ ያቆማል።

ወንድሜ ተኝቶ ነበር።

አንድ ወር ሙሉ ስለ ፍሬን ጮህኩ። አንዲት ሴት ፊቴ ተቀምጣ ስለ ማንኪያና ስለ ቡና ስትነግረኝ ጮህኩባት።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ዴፖ ውስጥ ተኝቷል ወዳሉት ሌሊት። ጎማው ይሽከረከራል። ከቡሳን ሴኡል፣ ከሴኡል ቡሳን፣ ሲነጋ ተመልሶ ወደ ሴኡል። የሚያመላልሰው ዓሣ ሲወርድና ሲጫን ይቆማል። ሌላ ጊዜ የቆመው አንዴ ነው፤ አንድ ሳህን ኑድል ተበልቶ ለማያልቅበት ያህል። ያንን ሌሊት ነው «ተኝቷል» ብለው ማኅተም የመቱበት። የበፊቱም ሌሊት እንዲሁ ነው። የዚያ በፊቱም። ሦስት ቀን ከዚያ መሪ አልወረደም፤ የሞተ ዓሣ እንኳ በረዶ ላይ አስተኝተውታል!

«መቼም እምቢ ብሎን አያውቅም» ነበር ያለኝ። ሜሎን ታቅፎ።

አንድ ነገር አደረግኩ፤ እጽፈዋለሁ። ፋይሉን ቀድቼ የመጨረሻዋን ደቂቃ ቆረጥኳት። ማን ይጠይቀኛል? ቺፗ ተጎድታለች፤ «ይህ ክፍል አልተነበበም» ማለት ነው። የሌሊቶቹ ውሸት ብቻ ይቀራል፤ የወንድሜም ስም ንጹሕ ይሆናል። አጭሩን ፋይል ከፍቼ ብዙ አየሁት። «ምንም አይነበብም» ያለው ዶ ትዝ አለኝ፤ ድምፁ፣ ክራቫቱ። የቆረጥኩትን ደመሰስኩት። ለእሱ ብዬ እንዳይመስለው።

ጁላይ 5

እትዬ ጄሱን ሱቄ መጣች። ወንበር አቀረብኩላት። ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንደምጀምር ሳዘጋጅ አድሬ፣ ስታየኝ ሁሉም ጠፋኝ።

«ፍሬኑ ደህና ነበር» አልኳት።

«ተኝቶ ነበር፤ አይደል?»

«አዎ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው። ምንም አልነካም።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልይዛት ተነሳሁ።

«እንግዲያው አልፈራም» አለች። «እኔ ሁልጊዜ የማስበው እሱን ነበር። አይቶት ይሆን? ጮሆ ይሆን? ጠርቶኝ ይሆን? እያልኩ። አልፈራም፣ አይደል?»

«አልፈራም፣ እትዬ።»

አለቀሰች። ጋሽ ታክ ሬዲዮአቸውን ከፍ አደረጉት፤ እንዳንሰማ ሳይሆን ሌላው ሰው እንዳይሰማን።

ስትረጋጋ ሌሊቶቹን አሳየኋት። በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ከቡሳን ሴኡል፣ ከሴኡል ቡሳን። ጣቷ ያች የኑድል ማቆሚያ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ሆኖ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «‹ዴፖ ነኝ፤ ልተኛ ነው› አለኝ። እንዳልጨነቅ።» ተነሳች። «ይህን ሁሉ አትሚልኝ።» ድምፅዋን አላወቅኩትም።

ይቅርታ ሳልጠይቃት ሄደች። ተከትዬ ወጥቼ ደረጃው ላይ ደረስኩባት። «የዚያን ቀን በሩን…» ስል፣ «በሩማ አሁንም አይዘጋም፤ መጥተሽ ትጠግኚዋለሽ» አለችኝ።

ጁላይ 16

ቦርዱ ፊት ቀረብን። ከኋላ ወንበር የድርጅቱ ሾፌሮች ተቀምጠዋል፤ መሬት መሬት ያያሉ። ያነበብኩትን ሁሉ ተናገርኩ፤ የመጨረሻዋን ደቂቃም ጭምር።

ዶ ተነሳ። «እንግዲህ የሟች እህት ራሳቸው መስክረዋል፤ ሾፌሩ ተኝቶ ነበር። ጥፋቱ የሾፌሩ ነው። ድርጅታችን ከመጀመሪያው ያለው ይህንኑ ነው።»

 ልነሳ ስል እትዬ ጄሱን ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ራሷ ተነሳች።

«አቶ ዶ፣ ባለቤቴ ያን ሌሊት የት ነው የተኛው?»

«ሰነዱ ላይ እንደተገለጸው…»

«ሰነዱን አይደለም፤ አልጋውን ነው የጠየቅኩዎት። የትኛው ክፍል? ብርድ ልብስ ማን ሰጠው? ከማን አጠገብ ተኛ? ሚስቱ ነኝ፤ ያንኮራፋል። አጠገቡ ያደረ ሰው አይረሳውም።»

ከኋላ አንዱ ሾፌር ሳቅ አመለጠው። ሳቁን ሳይጨርስ አቋረጠው። ዶ ወረቀት ያገላብጣል።

«ቤቱ እንዳይተኛ ከለከላችሁት። ዴፖ እንዳይተኛ ከለከላችሁት። መንገድ ላይ ተኛ። ሰው ነዋ! የት ይተኛ?»

 ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቺፗንና ኮድዎን ይተዉልን፤ በራሳችን ባለሙያ እናስነብባለን» አሉ። ሁሉንም አስረከብኩ። ቆርጬው ቢሆን ኖሮ! 

«ሽቦዋን ቀስ ብላችሁ ያዙልኝ» ብያቸዋለሁ። በዚያ ሁሉ መሃል!

ጁላይ 29

የቦርዱ ባለሙያ ያነበበው ከእኔ ጋር አንድ ነው። የወንድሜ ሞት በሥራ ብዛት የደረሰ ተብሎ ተመዘገበ። የዴፖው የእንቅልፍ ሰነድ ሐሰት ነው ተብሎ ለዐቃቤ ሕግ ተላልፏል።

እትዬ ጄሱን ውሳኔውን ይዛ መጀመሪያ የሄደችው ሆስፒታል ነው፤ ለአትክልት ነጋዴው ልታነብለት። አብሬያት ሄድኩ። ገንፎውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ዶ ተባረረ? አልተባረረም። ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ። ተዛወረ! እዚያም ክራቫቱን አስሮ፣ እምቢ የማይሉትን እየመረጠ ይልካል። «ሳይጠጣ አልቀረም» ያለው ዜናስ? አንዲት መስመር አላወጣም። ደውዬ ብጠይቅ፣ «ጉዳዩ ቆይቷል» አለኝ አንዱ ልጅ እግር። ቆይቷል!

ኦገስት 4

ቦርዱ ፊት ሳቅ ያመለጠው ሾፌር ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣ። ኦክ ቹልሚን ይባላል። ከጃኬቱ ውስጥ የራሱን መኪና መዝጋቢ አወጣ።

«ነቅለህ አመጣኸው? ይባርሩሃል እኮ» አልኩት።

«እመልሰዋለሁ። ማታ ወደ ቡሳን ጫን ብለውኛል። ከመውጣቴ በፊት እስከ ዛሬ ያለውን አንብበሽ አስቀምጪልኝ፤ ለሚስቴ።» ሳቀ። «እኔ እንኳ አላንኮራፋም፤ ምስክር የለኝም።»

ወንበሩን አሳየሁት። የእሱ ቺፕ ጤነኛ ናት፤ ኮዴን ወዲያው ተቀበለችው። ሚስቱን የት እንደማገኛት ልጠይቀው ዞር ስል፣ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱ ወደ ጎን ወድቆ ተኝቷል።

ጠረጴዛው ላይ ስልኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ዴፖ» ይላል። ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ጋሽ ታክ ከሱቃቸው አዩኝ። ስልኩን ገልብጬ ፎጣ ደረብኩበት።

ጋሽ ታክ ተነስተው ሬዲዮአቸውን አጠፉ። ከዚያ የእኔን ሱቅ ተጠቅላይ የብረት መዝጊያ፣ ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀስ እያሉ እስከ ግማሽ አወረዱት።